በአንድ ዓይን የተሣለችው እናት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ፣ አጠገባቸው ያለችው መምህርት የያዘችውን ሥዕል አይተው ጠየቋት።

«ማን ናት?»

«እናቴ ናት፣ አባ።»

«ታዲያ ምነው በአንድ ዓይን ሣልሻት? በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲህ በጎን የሚሣለው እኮ ይሁዳ ነው።»

«የማውቃት በጎን ብቻ ሆኖ ነው።»

«እንዴት ልጄ?»

«ቀን ሥዕል አስተምራለሁ፣ ማታ ማስተርሴን በኢንተርኔት እማራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እሥላለሁ። እኔ ዘንድ መጥታ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ጥጥ ስትፈትል፣ ዓይኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።»

«አሁንስ?»

«‹ሥራ አስፈታሁሽ› ብላ ወደ ቁይ ተመለሰች።»

«ሥዕሉን ልታሳዪያት ነው?»

«የለም፣ አባ። ፊት ለፊቷ ልቀመጥ ነው።»

እኔም አጠገቤ ወደተቀመጠችው ባለቤቴ ዞር ብዬ ሳይ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ሸብቷል።