በጠርሙሱ ላይ «እሳት ነው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

የምስክር ቃል

ስም፦ ዘበነ ወልደ ጻድቅ
ዕድሜ፦ 59፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው
ሥራ፦ የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂና አጣቢ
ትምህርት፦ እስከ 8ኛ ክፍል
አድራሻ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቀን፦ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡30

ከሁሉ በፊት ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ጥፋት አስመዘግባለሁ። በ2011 ዓ.ም. ለቤተ ሙከራው የመጣ የነጭ ዱቄት ጠርሙስ ዝናብ መትቶት ጽሑፉ ተልጦ ነበር። ከደረሰኙ ላይ ረጅሙን የእንግሊዝኛ ስም ማንበብ አቅቶኝ ፎስፈረስ የሚለውን ብቻ ለየሁ። ስቀጠር እንግሊዝኛ አነባለሁ ብዬ ስለነበር መጠየቅ አፍሬ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ፎስፈረስ፣ እሳት ነው፣ አትንኩ» ብዬ ለጠፍኩበት። መስታወት የሚባሉት የኬሚስትሪ መምህርት ጽሑፉን አይተው ስቀው «ጋሽ ዘበነ፣ ይሄን እሳት ያለው ማነው?» ሲሉኝ፣ «ከመጋዘን እንዲህ ሆኖ ነው የመጣ» ብዬ ዋሸሁ። ለባለቤቴም ሳልነግራት ሞተች፤ ለንስሐ አባቴም ስናዘዝ ዘልዬዋለሁ።

ሰኞ የካቲት 3፣ የነነዌ ጾም በገባበት ቀን፣ የቤተ ሙከራው ሚዛን ስለተበላሸ መምህርት ዱቄቱን ወርቅ ነጋዴው ሙሄ ዘንድ በወርቅ ሚዛን ሊመዝኑ ይዘው ሲሄዱ በፍተሻ ተያዙ። ጽሑፉ ታይቶ ፈንጂ ሊሠሩ ነው ተባለ፤ ቤተ ሙከራውም ታሸገ። እኔ ሦስቱን ቀን ጾሜ ዝም አልኩ። ሰው በእኔ ውሸት ታስሮ እህል መተው ብቻ ጾም እንዳልሆነ የገባኝ ትናንት ቅዳሴ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት 2፡30 ጣቢያ መጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ዋና ሳጅን ኤርምያስ «አባቴ፣ ፎስፈረስ አለበት የለበትም?» አሉኝ። አለበት፣ ግን ከካርቦን ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይፈነዳም አልኩ። ሥራው ሁለት ካርቦኖችን በድርብ ማያያዝ ነው፤ ፎስፈረሱ ከአንደኛው ላይ ኦክስጅኑን ነጥቆ ይወጣል፣ በተሠራው ነገር ውስጥ አይቀርም ብዬ አስረዳሁ። «እርስዎ ደግሞ መቼ ኬሚስት ሆኑ?» ብለው ሳቁ። «ስድስት ዓመት ብርጭቆውን ያጠበ ሰው ዓይን የለውም?» አልኳቸው። ባለሙያ ከባሕር ዳር እስኪመጣ መምህርት ታስረው እንደሚቆዩ፣ ጽሑፉን በእሳቸው ትእዛዝ ጻፍኩ ብዬ ከፈረምኩ ግን እኔ ወደ ቤቴ እንደምሄድ ተነገረኝ። አልፈረምኩም፤ አሁንም አልፈርምም። ይህም እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ዱቄቱ እንደማይፈነዳ ሠርቼ ላሳያቸው ከጣቢያው ወጥቼ፣ 4፡00 ላይ የቤተ ሙከራውን ማኅተም በቢላዋ ቆረጥኩ። በስማም ብዬ፣ ቀድሞ በብልቃጥ ተቀንሶ የተረፈውን ዱቄት፣ መምህርት ከቀረፋ ካወጡት ዘይት ጋር በማሟሟያ አዋሃድኩ። እያማሰልኩ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጠብ ጠብ ሳደርግበት ቢጫ ሆነ፤ ቆይቶ ቢጫው ጠፋ። በአልኮል አጥቤ የፎስፈረሱን ክፍል አስወጣሁ። የቀረውን እንደ ቅርፊት የሳሳ ነገር በወረቀት ይዤ 9፡00 ላይ መጥቼ ዋና ሳጅኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ «እነሆ ፈንጂው» አልኩ። ማኅተሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ከአፌ የወጣ እውነት ስለሆነ፣ በሕግ ብጠየቅበትም ሳልክድ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘበነ ወልደ ጻድቅ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ኤርምያስ ይርዳው