የእሑዱ ሥጋ እና የሰኞው ማጀት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሥጋ ሻጩ በእርጥብ ጨርቅ የትናንቱን ዋጋ ከሰሌዳው ላይ አበሰና አዲሱን በጠመኔ ጻፈ። ከተሰለፉት አንዳንዶቹ ሰሌዳውን አይተው ወጡ። ጡረተኛው ግንበኛ ግን ንቅንቅ አላሉም። ድሮ ግድግዳ በሚያቃኑበት መሣሪያ ስም ሰፈሩ «ጋሽ ቱንቢ» የሚላቸው እኚህ ሰው፣ እሑድ እሑድ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ምሳ ይጋብዛሉ። ገበታው ደግሞ ያለ ሥጋ ቀርቦ አያውቅም።

«አጎቴ፣ እንደምን አደሩ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

የወንድማቸው ልጅ ናት። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ስትሆን፣ ተራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ እያለፈች ነበር።

«ይመስገን፣ ልጄ። ይህን ጉድ አየሽልኝ? አንድ ኪሎ ሥጋ ነው የምገዛው ወይስ በሬውን ከነቀንዱ?»

ነርሷ አልሳቀችም። «ትንሿ ተሻላት?»

«የትኛዋ ትንሿ?»

«የልጅ ልጅዎ ናታ! ትናንት ትምህርት ቤት ራሷን ስታ ወድቃ እኛ ጋ አመጧት። አልነገሩዎትም እንዴ?»

ሽማግሌው የያዙትን ዘንቢል ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ሆና?»

«ደሟ አንሷል። በምርመራ ሌላ በሽታ አልተገኘባትም፤ የጎደላት ምግብ ነው።»

«በኔ ቤት? አባቷ መኪና ሲያሽከረክር ውሎ እያደረ ለሚልክላት ልጅ? ሰው እንዳይሰማሽ!»

«ሰው ከሚሰማኝ ይልቅ እርስዎ እንዲሰሙኝ ነው የፈለግሁት፣ አጎቴ። አባቷ የሚልከው ገንዘብ መጀመሪያ እጅዎ ይገባል። የሥጋውን ያነሣሉ፤ የተረፈውን ለምራትዎ ይሰጣሉ። ሥጋው በተወደደ ቁጥር የተረፈው አነሰ። ከምን ላይ የቀነሰች ይመስልዎታል?»

«ዋጋው እኮ የነጋዴ ጨዋታ ነው፤ ነገ ይወርዳል። ለሚያልፍ ነገር ብዬ ደጄን ልዝጋ? የማን ቤት ሥጋ ጠፋበት ሊባል ነው?»

«ቢወርድ ደስ ይለኝ ነበር። የልጅ አጥንት ግን ዋጋ እስኪወርድ ቆሞ አይጠብቅም።»

የቆሙበት ሰልፍ አልፏቸው ሄደ። ሽማግሌው ሥጋውን ሳይገዙ ወደ ቤታቸው አቀኑ፤ ነርሷም ተከተለቻቸው።

እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም። ሲጋብዙ ለመታየት ብቻ አልነበረም፤ በወጣትነታቸው በሰው ገበታ ጠግበው ስለነበር ውለታውን የሚመልሱ ይመስላቸው ነበር። ችግሩ የገዛ ማጀታቸውን ገብተው አይተው አለማወቃቸው ነው። ደግነት ከማን አፍ ተነጥቆ እንደሚሰጥ ካልተጠየቀ፣ ለአንዱ ግብዣ የሆነው ለሌላው ረኃብ ይሆናል።

ምራታቸው ማጀት ውስጥ ዕቃ ስታጥብ አገኟት። መደርደሪያው ላይ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳርና የደረቀ ዳቦ አለ። ሌላው ባዶ ነው።

«ልጅቱ ወደቀች አሉ» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

ምራቲቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ ወተቱን ተውኩ። ቀጥሎ እንቁላሉን። ባቄላና ምስርም ሲወደድ እሱንም ቀነስኩ። ዘይት በጠርሙስ የምገዛው ሙሉውን ጀሪካን መግዣ ስለሌለኝ ነው፤ እንዲያ ሲገዛ ደግሞ የበለጠ ይወደዳል። ሥጋውን መቀነስ አልችልም፣ የእርስዎ ነው። ልጄን ግን ዝም ማሰኘት እችላለሁ።»

«ነግረሽኝ ቢሆንማ…»

«ነግሬዎት ነበር። እንግዶችዎ ፊት ‹ቤት መያዝ ያልቻለች› አሉኝ፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አፌን ያዝኩ።»

ሽማግሌው ያን ቀን አስታወሱ። እሳቸውም ስቀው ነበር። በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«እና ምን ላድርግ?» አሉ፤ ፊታቸው ወደ ነርሷ ነበር።

«እኔን አይጠይቁኝ፣ እሷን ይጠይቁ። ገበያውን የምታውቀው እሷ ናት።»

ምራቲቱ ትንሽ አቅማማችና ተናገረች። «ገንዘቡ እንደመጣ መጀመሪያ የልጅቱ ምግብ ይገዛ። ጎረቤቶቼ ምስርና ባቄላ በጆንያ ገዝተን እንካፈል ካሉኝ ቆየ፤ የማዋጣው አጥቼ ነው የቀረሁ። አትክልቱንም ወቅቱ የሆነውን እገዛለሁ። ከዚያ ከተረፈ፣ ሥጋም ቢሆን አልጠላም።»

«እንግዶቹስ?»

«እኛ የምንበላውን ይብሉ» አለች ነርሷ። «ለእርስዎ የሚመጡ ከሆነ ይመጣሉ።»

ሽማግሌው የሥጋውን ገንዘብ አውጥተው ምራታቸው መዳፍ ላይ አኖሩት። ይቅርታ ማለቱ ግን አልሆነላቸውም። እሷም አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

በማግስቱ ምስርና ጎመን ቀረበ። አንዱ እንግዳ «ጋሽ ቱንቢ ጾም ገቡ እንዴ?» ብሎ ቀለደ፤ የሳቀለት አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ እሱ ቀረ። በሌላው እሑድ ሌሎች ሁለት ቀሩ። አንድ ሸምገል ያለ አናጺ ብቻ እስከ ዛሬ ይመጣል። ሽማግሌው ስንት ዘመን ወዳጅ ያሉት የሥጋው ወዳጅ መሆኑን ሲያውቁ ለማን ሲሉ ማንን እንዳስራቡ ገባቸው።

ለውጡ ፍሬ አፍርቷል። ከጎረቤት ጋር በጆንያ የሚገዛው እህል ወር ያደርሳል፤ ወተቱም እንቁላሉም ተመልሷል፤ የልጅቱ ደም ሞልቶ ትምህርቷን በደኅና ይዛለች። ሽማግሌውም ያገኙትን ሁሉ «መጀመሪያ ማጀትህን ግባና እይ፤ እንግዳ ከዚያ በኋላ ጥራ» እያሉ ይመክራሉ።

ልጅቱ ግን እንቁላል ሲሰጧት እስከ ዛሬ ግማሹን ቆርሳ ከሳህኗ ዳር ታስቀምጣለች።

«ብዪው እንጂ የኔ ልጅ፤ ያንቺ ነው» ይሏታል አያቷ።

«ሰው ቢመጣስ?» ትላቸዋለች።