«ልኝ» የጎደላት ምስጋና

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ምስጋና እንደ ዛሬው ቴክስት ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ሰው ውለታ ከዋለልህ ተነስተህ፣ አንገትህን ሰበር አድርገህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምታመሰግነው። እኔ ታዲያ በአንዲት ምስጋና ምክንያት ልቤ ሊቆም ነበር። አትሳቂ ሰሚራ! እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ያልበኛል።

ያኔ የምንኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነው፣ እና እኔ ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ኪችን ውስጥ እሠራለሁ። ትሪው በላይኑ፣ በሚንቀሳቀሰው ቀበቶ ላይ፣ ይመጣል፣ እኔ ዳቦና ቅቤ አስቀምጣለሁ፣ ከጎኔ ደግሞ ዶሪን የምትባል ፈረንጅ ሴትዮ ሰላጣውን ታስቀምጣለች። ታዲያ ያን ዓመት ነው አገራችን ድርቅ የገባው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። እህቴ ዘይነባ ከአራት ልጆቿ ጋር እዚያው ገጠር ናት፣ እና ወሬዋ ከጠፋ ወራት አልፏል። በቴሌቪዥን የአገሬን ሰው ያሳያሉ፣ እኔ ሻርፕ ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር «እሷ ትሆን? እሷ ትሆን?» እያልኩ መስታወቱ ላይ ልለጠፍ ምንም አልቀረኝም። ጠዋት ደግሞ ሥራ ገብቼ ከአውሮፕላን የተመለሰ፣ ማንም ያልነካው ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ እደፋለሁ።

አንድ ቀን መድፋት አቃተኝ። ዳቦውን ታቅፌ ቆምኩ። ሱፐርቫይዘሩ ይጮሃል፣ እኔ ቆሜያለሁ። ዶሪን መጣችና ዳቦውን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደች፣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «ማይ ሲስተር። ኖ ፉድ» አልኳት። በቃ፣ የነገርኳት ይህችኑ ናት።

ዶሪን ታዲያ ምን አደረገች፣ የቤተ ክርስቲያኗን ሴቶች አንድ በአንድ ኮል አደረገች። ከቤተ ክርስቲያናቸው ባስመንት፣ ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ይኸው አሉን። እኛ ወጥ ሠራን፣ ሳምቡሳ ጠበስን፣ እስክስታ አሳየን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነን አስተናገድን፣ እና ከፓርቲው የተገኘው ገንዘብ ሁሉ ለብርድ ልብስና ለዱቄት ወተት ሆነ። የመጀመሪያው ጭነት ግን በሌላ በኩል ነው የሚሄደው አሉ። የእህቴን አገር የሚነካው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ይኑር አይኑር ደግሞ የዶሪን ጓደኞች መክረው በሚቀጥለው እሑድ፣ እኛ እነሱን በምናመሰግንበት ቀን፣ ይነግሩናል ተባለ። ያን ሳምንት እህል አልወርድልሽ አለኝ።

አሁን ጋሽ ታፈሰን ላስተዋውቃችሁ። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት የሚቆርጡ፣ ግን ከረባታቸውን አንድ ቀን ያላወለቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌያችን እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ከተቀመጡ ሁሉም ይቀመጣል፣ ከተነሱ ሁሉም ይነሳል። ነገሩ ከመነሻውም አልጣማቸውም። «ስሚ፣ ከድጃ!» ይሉኛል በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ «እኛ ለማኝ አይደለንም። ደግሰን፣ አብልተን ነው የተቀበልነው። አንድ ሰው እንደ ለማኝ ያየን ቀን፣ ባርኔጣዬን አንስቼ እወጣለሁ!» እኔም «ኧረ ጋሼ፣ ማን ደፍሮ!» እላለሁ። ማን ደፍሮ አልኩ እኮ! አፌን በቆረጠው።

ሐሙስ ዕለት ላይን ላይ ቆመን ሳለን ዶሪን «በቋንቋችሁ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ፣ አስተምሪኝ» አለችኝ።

«አመስጋኞቹማ እኛ ነን!» አልኳት።

«ኖ ኖ፣ ምግባችሁን በላሁ፣ እንደ ሰው አስተናገዳችሁኝ» አለች።

እኔ «አላህ ይስጥልኝ» ነው የምለው፣ ግን እሷ ክርስቲያን ናት፣ እና «እግዜር ይስጥልኝ» በይ አልኳት። ትሪው እያለፈ ስንለማመድ ዋልን። «ኢግዜር ይስጢሊኝ! ኢግዜር ይስጢሊኝ!» ሰላጣውን ረስታ ሁለት ትሪ ባዶውን አለፈ። ታዲያ ነገሩን ያበላሸው ጥያቄዋ ነው። «ቃሉ ሲፈታ ምንድነው?» አለችኝ። «እግዜር፣ ጋድ። ይስጥ፣ ጊቭ። ልኝ፣ ፎር ሚ» አልኳት። ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛዬ እዚያ ድረስ ናት! «እኔ ውለታህን መመለስ አልችልምና እሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልህ» ማለት መሆኑን በምን አንደበቴ ላስረዳት? ዶሪን «ፎር ሚ?» ብላ ወደ ሰላጣዋ ተመለሰች። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። በምሳ ሰዓት መጣችና «ጊቭ ዩ፣ ለብዙ ሰው ሲሆን እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሐሳቤ ዘይነባ ጋ ነው፣ «ይስጣችሁ» ብያት ሳንድዊቼን በላሁ።

እሑድ ደረሰ። ባስመንቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ታፈሰ ፊት ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። እኔ ከሳምቡሳው ትሪ ጋር ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ዶሪን ተነሳችና «የሴቶቹን ውሳኔ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አለኝ» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ እና ጥርት ባለ አማርኛ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እግዜር ይስጣችሁ!»

ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። አገር ቤት ለማኝ ደጅ ሲቆምና የሚሰጠው ነገር ሲጠፋ ነው «እግዜር ይስጥህ» የሚባለው። ሂድ፣ ከእኔ የምታገኘው የለም ማለት ነው። አያችሁ? ያቺ ሴትዮ፣ ወገኑ በረሃብ የሚያልቅበትን ሰው ሰብስባ፣ በገዛ ቋንቋው «ከደጄ ሂዱ» አለችው!

ከጎኔ አንዷ «ምን አለች?» ትላለች። ሌላዋ «አባረረችን እኮ!» «ማነው ያስተማራት?» እኔ ትሪውን ጥዬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶሪን ደግሞ ያልተሰማት መስሏት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጣችሁ!» ብላ ደገመችው። ውይ!

የጋሽ ታፈሰ እጅ ወደ ባርኔጣው ሄደ። ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ከኋላቸው ወንበሩ ሁሉ መንቋቋት ጀመረ። እኔ ዘይነባን ነው ያየሁት፣ ወላሂ፣ ከነልጆቿ በዚያ በር ስትወጣ ነው ያየሁት። ልጮህ ብል እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጥሎኝ ሄደ።

ጋሼ ሳይዞሩ «ከድጃ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?»

«እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ነው ጋሼ! ልኝ ማለት ፎር ሚ ነው ብያት...» እና እዚያው እየተናገርኩ ገባኝ። «ለእኔ ማለቱን እንደ ስስት ቆጥራው ነው ጋሼ! ለራሷ መለመን አፍራ ነው፣ ለእናንተ ብላ ነው የለወጠችው!»

ጋሼ ዶሪንን ቀና ብለው አዩዋት። እሷ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ እጇ ግን ደረቷ ላይ እንዳለ ነው፣ አላወረደችውም። ታዲያ ባርኔጣቸውን እራሳቸው ላይ አላደረጉትም፤ በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ወፍራም ድምፅ፣

«አብሮ ይስጠን!» አሉ።

ለ«እግዜር ይስጥልኝ» የሚመለሰውን መለሱላት! ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ልክ እንደ ዲሬክተርነታቸው ዘመን «ምነው? መልሱ ጠፋችሁ?» ብለው ተቆጡ። አዳራሹ በአንድ አፍ «አብሮ ይስጠን!» አለ። እኔ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም፣ ሳምቡሳው ላይ አለቀስኩበት። ዶሪንም እንባዋን እየጠረገች «ሴቶቹ ሁለተኛውንም እንላክ ብለዋል» አለች።

ዘይነባ? ብዙ ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። በሕይወት አለች፣ ከአራቱ ልጆች ሦስቱን ይዛ። የደረሳት ብርድ ልብስ የእኛ ይሁን የሌላ፣ አላህ ያውቃል። ጠይቄም አላውቅም። ብቻ ሁለተኛው ሄደ፣ ጋሼ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቢወጡ ግን አይሄድም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ።

እና ጋሼ «እንዳታርሚያት! ከእኛ አማርኛ የሷ ይበልጣል» ብለው አስጠነቀቁኝ፣ አላረምኳትም። ዶሪን ጡረታ እስክትወጣ ሳምቡሳ በሰጠኋት ቁጥር «እግዜር ይስጥሽ!» ብላ ስታባርረኝ ኖረች። እኔም «አብሮ ይስጠን» እላለሁ። የሰውን ቃል ሳይሆን እጁ የት እንዳለ እዩ፣ የእኔ ምክር ይኸው ነው።

በሉ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሰሚራ፣ ልጨምርልሽ?

«ኖ ቴንክስ፣ አያቴ፣ ጠግቤያለሁ። አላህ ይስጥሽ!»

ሃሃሃ! ሰማችኋት? እዚህ ስካርቦሮ ድረስ መጥታ፣ ከገዛ ቤቴ አባረረችኝ! እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ እንጂ፣ አንቺ! እንዲያ። አብሮ ይስጠን፣ ልጄ፣ አብሮ ይስጠን።