የጠፋው ፊደል አራሚ

(መዝገበ ቃላት ማዘጋጃ ክፍል፣ ጠዋት። አርታኢዋ ወይዘሮ ዘርትሁን መሳቢያቸውን ወደ ካርቶን እያራገፉ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ናሁሰናይ በሩ ላይ ቆሟል።)

ናሁሰናይ፦ መሳቢያውን ይተውት፣ እትዬ ዘርትሁን። እለምንዎታለሁ።

ዘርትሁን፦ “ትዛወር” ብለው የጻፉት እርስዎ፣ “አትሂጂ” ባዩም እርስዎ?

ናሁሰናይ፦ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው “እርስዎ” የሚሉኝ? ልጅዎ አይደለሁም?

ዘርትሁን፦ ልጅ እናቱን በደብዳቤ አይከስም። “ወይዘሮዋ ፊደል አራሚውን ፕሮግራም ሆን ብለው አጥፍተዋል።” በቃሌ ይዤዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ አራሚው ተገኝቷል።

ዘርትሁን፦ የት?

ናሁሰናይ፦ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ። መጀመሪያውንም አልጠፋም።

ዘርትሁን፦ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?

ናሁሰናይ፦ ምንም። ባለፈው ሳምንት መጻፊያውን ፕሮግራም ሌላው እንዳይነካካው ብዬ ለብቻው ዘጋሁበት። ክፍል ሰጠሁት ይበሉት። አራሚው ግን ውጭ ቀረ። መጻፊያው ከውስጥ ቢጣራ፣ ማን ይስማው?

ዘርትሁን፦ ሙሽራውን ጓዳ ቆልፈው፣ ሚዜውን ደጅ አስቀርተው፣ “ሚዜውን ያባረረችው እሷ ናት” አሉ። ጎበዝ!

ናሁሰናይ፦ ማሽኑ ነው ያሳሳተኝ። “አራሚው ጠፍቷል” አለኝ። ሰው ያጠፋው መሰለኝ።

ዘርትሁን፦ ማሽኑ አማርኛ ማን አስተማረው?

ናሁሰናይ፦ ማሽኑን ነው?

ዘርትሁን፦ ጠየቅኩ እኮ።

ናሁሰናይ፦ መልእክቶቹን የተረጎምኳቸው እኔ ነኝ።

ዘርትሁን፦ “መብራትም ይጠፋል፣ በግም ይጠፋል፣ የተጻፈም ይጠፋል፤ ‘አልተገኘም’ በል” ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ አልሰጠሁዎትም?

ናሁሰናይ፦ ሰጥተውኛል። ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ዘርትሁን፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ናሁሰናይ፦ አፍሬያለሁ፣ እትዬ። አራሚውን ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አሁን ይሠራል። ደብዳቤውንም ቀስ ብዬ ከፋይሉ አወጣዋለሁ። ማንም አያውቅም።

ዘርትሁን፦ ስሜ ሲጠፋስ ማንም አላወቀም? ሻይ ክበብ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እዚህ ቤት በእውነት የጠፋ ነገር ቢኖር የእኔ ስም ነው።

ናሁሰናይ፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ዘርትሁን፦ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ።

ናሁሰናይ፦ በሁሉም ፊት? መሳቂያ ልሁን?

ዘርትሁን፦ ይህን ካርቶን ያግዙኛል፣ ወይስ ብቻዬን ልሸከመው?

ናሁሰናይ፦ ያስቀምጡት። እናገራለሁ። እዚችው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለማንበብ ድፍረቱን ነበር ያጣሁት።

ዘርትሁን፦ እስቲ ያንብቡት።

ናሁሰናይ፦ “ወይዘሮ ዘርትሁን ንጹሕ ናቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

ዘርትሁን፦ “ያጠፋሁት” ስትል አራሚውን ይመስላል። “የበደልኳቸው” በል። ና አንተ ልጅ፣ ወረቀቱን ወዲህ በለው፤ ከካርቶኑም ቀዩን እስክሪብቶ አውጣልኝ።