የቀፎው ዛፍ

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ከሚዛን ወደ ሸኮ፣ ታክሲ በምንላት አሮጌ ላንድሮቨር ተሳፍሬ ነበር። ጥርሴ ቢረግፍም ጆሮዬ ለሰው ወሬ ሰንፎ አያውቅምና ከኋላዬ የተቀመጡትን ሁለት ወንድማማቾች መስማት ጀመርኩ። ታላቁ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከገበያ ታፍሶ ጦር ሜዳ የከረመ፣ በቅርቡ የተመለሰ ልጅ መሆኑን ከንግግራቸው ተረዳሁ።

«እማዬ አንተን ከበር ቆማ በቀስታ ነው የምትቀሰቅስህ» አለ ታናሹ። «እኔን ብርድ ልብሴን ገፍፋ ነው።»

«ስትነካኝ ደንግጬ እጄን ስለምሰነዝር ነው።»

«ሥጋውም ላንተ፣ ጸሎቱም ላንተ። በእኔ ስም መቼ ተጸልዮ ያውቃል?»

«አንተ ምን ሆነህ ይጸለይልህ?»

«አሁን ደግሞ አባዬ ትልቁን የቀፎ ዛፍ ሰጠህ። አንተ በሌለህበት እየወጣሁ ቀፎ የሰቀልኩት እኔ፣ ንብ የነደፈኝም እኔ።»

«ታዲያ ውሰደው።»

«የምርህን ነው?»

«ዛፉን ውሰድና አባዬ ዛፍ መውጣት ያስተማረህን ጊዜ ስጠኝ። እኔ ያኔ የተማርኩት ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም ነው። አሁን ዛፉ ሥር ቆሜ ሽቅብ አያለሁ እንጂ መውጣት አልችልም።»

ታናሹ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባዬ ያውቃል?»

«አፍሬ አልነገርኩትም።»

«ነገ በጠዋት እኔ አስተምርሃለሁ። ግን ከወደቅህ እማዬ የምትቆጣው እኔን ነው።»

«እሱማ የታወቀ ነው።»

ወንድሜን እንደተኳረፍን የቀበርኩት እኔ ሽማግሌው፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።