የፋሲካው ኪሎ

ቅዳሜ ዕለት እዚህ ስዊድን፣ ፋርስታ የሚባል ሰፈር፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ልገዛ ሄድኩላችሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሰው ጎትቶ የሚያወጣ ሊፍት የሌለበትን ተራራ ስኪውን እንደተጫሙ በእግራቸው ነው የሚወጡት። አምና በየዳገቱ ቆመው ሲጠብቁኝ አፍሬ ስለነበር፣ ዘንድሮ ከሱቁ ቀላሉን ካልገዛሁ ብዬ ምያለሁ። ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ጋሼ ወርቁም አብረውኝ አሉ። አንዱን ስኪ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጄ ይዤ ገበያ እንደወጣ ዶሮ ስመዝን ቆየሁና እንደ ላባ የቀለለኝን መረጥኩ።

ሻጯ ጠይም ልጅ ናት፤ ስዊድንኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ስወድቅ ብቻ እንዲፈታ የሚጠብቀው በሰው ክብደት ልክ ነውና ኪሎዬን ጠየቀችኝ። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ «ሰባ አምስት» አልኳት።

ጋሼ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአማርኛ፣ «አንተ፣ ዘጠና አልነበርክ እንዴ?» አሉኝ።

ማን ይሰማኛል ብዬ፣ «ሰኞ ሁዳዴ ይገባ የለ? እስከ ፋሲካ እደርስበታለሁ» አልኳቸው።

ልጅቷ ከምታጠብቀው የማሰሪያው ብሎን ላይ ቀና ሳትል፣ በጠራ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ማሰሪያው እኮ አይጾምም» አለችኝ። «ያለጊዜው ተፈትቶ እንዳይጥልዎ የዛሬውን ኪሎ ይንገሩኝ።»

እኔ አንገቴን ስደፋ ጋሼ ወርቁ መለሱላት፦ «ዘጠና አምስት በዪው፣ የኔ ልጅ። ቅበላው ነገም አለ።»