በወ/ሮ ኦርፋ ጓሮ ስለተቆረጡት አራት እግር ካናቢሶች

የምስክሩ ስም፦ ዴልበርት ዝዊከር
ዕድሜ፦ 73
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የፖም መጋዘን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ኖቫ ስኮሺያ፣ ፓርከርስ ሆሎው መንደር፣ የቤት ቁጥር 218
ቀን፦ ዓርብ ኦክቶበር 20 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.
ቃሉ መሰጠት የጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡40
ቦታ፦ የምስክሩ ወጥ ቤት
ቃል ተቀባይ፦ ኮንስታብል ኢቬት ሺያሶን

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ፣ ጎረቤቴ ወ/ሮ ኦርፋ ራፊዩስ በጓሮዋ ያበቀለቻቸውን አራት እግር ካናቢስ ኦክቶበር 9 ቀን የቆረጥኩት እኔ ራሴ መሆኔን በቅድሚያ እገልጻለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልረዳኝም። የቆረጥኩት ግን የእህቷ ልጅ ግሌንዳ ማክዶርማንድ ትናንት ለፖሊስ እንዳመለከተችው በቂም ወይም ለመስረቅ አይደለም።

ኦርፋ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ስትሆን ባሏ ሞቶባታል። ከእኔ ቤት በእንጨት አጥር ብቻ ተለይታ አርባ አንድ ዓመት ኖራለች። የሟች ባለቤቴም የልብ ጓደኛ ነበረች። የጣቶቿ ቁርጥማት ስለጠናባት ሹራብ መሥራት ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ እንቅልፍም በቅጡ እንደማይወስዳት አውቃለሁ። ባለፈው ሜይ ወር ለዚሁ ሕመሟ ሕጉ ለአንድ ቤት የሚፈቅደውን አራት እግር ከዘር አብቅላ በተቆለፈ አጥር ውስጥ ተከለች። ከዚያ በፊት ከቲማቲምና ከባቄላ በቀር ያበቀለችው ነገር እንደሌለ እመሰክራለሁ።

በኦገስት ተክሎቹ ማበብ ሲጀምሩ ሽታቸው በመኝታ ቤቴ መስኮት ይገባ ጀመር። ፍግና የሎሚ ልጣጭ የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ ነው። ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ባመለክት ሕጋዊ ነው የሚል መልስ ተሰጠኝ። በዚሁ ወር በ19ኛው ቀን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በተደረገው የዓሣ ራት ላይ፣ አርባ የሚሆን ሰው እየሰማ፣ «አንቺ ካልነቀልሽው እኔ በመጋዝ እገነድስልሻለሁ» ብያታለሁ። እሷም ከሳህኗ ቀና ሳትል «መጀመሪያ መጋዙን አስለው፤ ያንተ መጋዝ ቅቤም አይቆርጥ» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት ያህል ከእግዜር ሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ግሌንዳ እኔን የጠረጠረችው ይህን ሰምታ ስለሆነ አልፈርድባትም።

ኦክቶበር 5 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ገደማ ውሻዬን ሳስወጣ የኦርፋ አጥር በር ተከፍቶ፣ ነጭ አንሶላ በነፋስ መሬት ለመሬት ሲጎተት አየሁ። ስገባ በተክሎቹ መካከል ወድቃ አገኘኋት። ከአመዳይ ለመከላከል ማታ ያለበሰቻቸውን አንሶላ ልታነሳ ወጥታ አዳልጧት ነው። «ዳሌዬ ሳይሰበር አልቀረም» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው ዳሌ የምትናገር ያህል ረጋ ብላ። አምቡላንስ ጠርቼ ካፖርቴን አለበስኳት። መኪናው እስኪመጣ ሃያ አምስት ደቂቃ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዳሌዋ ሌላ ቃል አላነሳችም። ወደ ላይ ወደ አበባዎቹ እያየች «አሁን ልትቆርጣቸው ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማልቆርጥ ነገርኳት።

«እንግዲያው ማታ ማታ አልብስልኝ» አለች። «አምስት ወር ሙሉ ነው የጠበቅኳቸው፣ ዴልበርት። እስክመለስ አትንካቸው።»

እንደማልነካቸው ቃል ገባሁላት። የአምቡላንሱ ሰዎች ይህን ስንነጋገር ሰምተውናል ብዬ አላምንም።

ለአራት ቀን ማታ እያለበስኩ ጠዋት እየገለጥኩ ቆየሁ። ቅዳሜና እሑድ ዝናቡ አላባራም። ሰኞ ኦክቶበር 9 ቀን የምስጋና በዓል ስለነበር ልጄ ዌንዴል ቤት የተርኪ ዶሮ ጥብስ ልበላ ተዘጋጅቼ፣ ከመሄዴ በፊት ልያቸው ብዬ ገባሁ። በሰሜን በኩል ባለችው ተክል ላይ፣ ከሁሉ የወፈረውን አበባ በጣቴ ስከፍተው ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ሆኗል። አርባ ዓመት ፖም የለየሁ ሰው ስለሆንኩ ሻጋታ ከአንዱ ወደ ሌላው በስንት ቀን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሬዲዮውም ለዚያው ምሽት ከባድ አመዳይ፣ ከዚያም ሌላ ሦስት ቀን ዝናብ ተናግሯል።

ድመቷን የምመግበው እኔ ስለሆንኩ የኦርፋ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። የተክሎቹን ነገር የምትጽፍበት ደብተር ወጥ ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጧል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈቷ ሁሉን ጽፋዋለች። የአበባው ፀጉር አብዛኛው ሲቀላ፣ በአጉሊ መነጽር የሚታዩት የሙጫ ጠብታዎች ከጥርት ያለ ወደ ወተት መልክ ሲለወጡ ደርሷል ማለት ነው ይላል። ሻጋታ የታየ እንደሆነ በዚያው ቀን ይቆረጥ ይላል። በመጨረሻው ገጽ በኦክቶበር 4 ቀን ሥር «ገና ነው። ታገሺ» ብላ ለራሷ ጽፋለች።

ሆስፒታል ደወልኩ። ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ መድኃኒቱ ስለከበዳት ስልክ ማናገር እንደማትችል ነርሷ ነገረችኝ። አጉሊ መነጽሬን ይዤ ተመለስኩና አራቱንም ዞሬ አየሁ። ከጠብታዎቹ ገሚሱ ወተት መስሏል፣ ገሚሱ ገና ነው። አንድ ሳምንት ቢያገኙ ይሻላቸው ነበር። ሳምንቱ ግን አልነበረም። ዌንዴልን እንዳይጠብቀኝ ነግሬው ልብሴን ቀየርኩ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሠራሁ። በመጋዝ ሳይሆን በፖም መከርከሚያ መቀስ ነው። ቅርንጫፉ ከላይ ከባድ ስለሆነ፣ አንገቱ ያልጸና ሕፃን እንደሚያዝ በአንድ እጄ እየደገፍኩ በሌላው ቆረጥኩ። ትልልቁን ቅጠል አራገፍኩ፣ የሻገተውን ለይቼ ቀበርኩ። ሙጫው እጄ ላይ ተጣብቆ በሳሙና አልለቅ ሲል በምግብ ዘይት አሸሁት። ያን ዕለት ሽታው እንዳላስቸገረኝ ያስተዋልኩት ራት ስበላ ነው። በጠቅላላው አርባ ሦስት ቅርንጫፍ ባለቤቴ ሽንኩርት ታደርቅበት በነበረው በቤቴ ቆጥ ላይ ቁልቁል ሰቀልኩ። ደብተሩ እንደሚለው መስኮቱን ጋርጄ ትንሽ ማራገቢያ አስቀመጥኩ። ጓሮው ውስጥ የቀረው አራቱ ጉቶ ብቻ ነው።

ኦክቶበር 12 ቀን ሆስፒታል ሄጄ ለአሥር ደቂቃ አየኋት። ልነግራት ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ስለ ተክሎቹ ሳትጠይቀኝ ወደ መስኮቱ ዞራ ዝናቡን ስታይ ወኔ ከዳኝ። ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ሲሶው የሚሆነውም በሻጋታ ሄዷል፣ የቀረውም በደህና ይድረቅ አይድረቅ አላውቅም ነበር። ከደረቀ በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ስለ ድመቷ ብቻ አውርቼ ወጣሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ግሌንዳ ከምትሠራበት ከአልበርታ የመጣችው ትናንት ኦክቶበር 19 ቀን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጉቶዎቹን አይታ ደጄ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ አጎቴ ብላ ነበር። ትናንት «አቶ ዝዊከር፣ አክስቴ ዳሌዋን ሰብራ በተኛችበት ነው ቂምዎን የሚወጡት?» አለችኝ። መልስ መስጠት ነበረብኝ፣ ቅርንጫፎቹ የተሰቀሉበት ቆጥም ከራሴ በላይ ነበር። ነገር ግን አትንካቸው የተባልኩትን መንካቴ እውነት ነበር። በሩን ዘጋሁት። እሷም ለፖሊስ ደወለች።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን የምትቀበለውን ኮንስታብል ቆጥ ላይ አውጥቼ ሁሉንም አሳይቻታለሁ። ግሌንዳም ተጠርታ ወጥታ አይታለች። ኮንስታብሏ በሁላችንም ፈቃድ ሆስፒታል ደውላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ የኦርፋን ድምፅም ሦስታችን ሰማን። እንደቆረጥኳቸው ነገርኳት። መቼ እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት። ሻጋታ ነበረ ወይ አለች፣ ከሰሜኗ እንደ ጀመረና ሲሶ ያህል እንደ ሄደ ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

ማፍረሴን አመንኩ።

«እዚህ ተኝቼ ዝናቡን እያየሁ የምጸልየውን ታውቃለህ?» አለች። «ይህ ደረቅ ሰው ቃሌን አከብራለሁ ብሎ አልብሶ አልብሶ ሊያበሰብሳቸው ነው፤ አምላኬ፣ ዛሬ እንኳ ቃሉን አስፈርሰው እያልኩ ነበር። ቁረጥልኝ እንዳልልህ ደግሞ አትንካቸው ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አፈርኩ።»

በአርባ አንድ ዓመት ስታለቅስ የሰማኋት ዛሬ ነው። እኔም ስልኩን ለግሌንዳ ሰጥቼ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ ግሌንዳ አቤቱታዋን ማንሳቷን ኮንስታብሏ አስረዳችኝ። ኦርፋም ቀጭኑ ቅርንጫፍ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ በጠርሙስ እንድከት፣ ክዳኑንም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እየከፈትኩ እንዳናፍስ ማዘዟን በስልኩ ሰምተው ነገሩኝ። ሦስት ጠርሙስ ከትናንት በስቲያ ሞልቻለሁ። ስለዚህ ለኤግዚቢት ይወሰዱ የሚባል ከሆነ፣ ጣቢያው ውስጥ በየቀኑ የሚከፍታቸው ሰው እንዲመደብ ጠይቄ ነበር። ኮንስታብሏ የሚወሰድ ነገር እንደሌለ ገልጻልኛለች።

በግሌንዳ ላይ አቤቱታ አለህ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ያልተከረከመ ሃያ ስድስት ቅርንጫፍ ስለቀረና የእኔ ዓይን ለዚያ ሥራ ስለደከመ፣ ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የራሷን መቀስ ይዛ እንድትመጣ ጠይቄያታለሁ። እመጣለሁ ብላለች።

ከላይ የተጻፈው ያየሁትና ያደረግኩት መሆኑን፣ ተነቦልኝም አንድ ቦታ ላይ «ሰረቀ» የሚለው ቃል «ቆረጠ» ተብሎ በፊቴ መታረሙን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዴልበርት ዝዊከር
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኮንስታብል ኢቬት ሺያሶን
ሲነበብ የነበረች እማኝ፦ ግሌንዳ ማክዶርማንድ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 5፡15